በ1 ዶላር ከ25 ሳንቲም የሚሸጠው የፍሪዘር እራት ዋጋውን ያወጣል?

ጥያቄ፦ «የ41 ዓመት ሰው ነኝ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው፤ የምሠራውም በአንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ በሌሊት ፈረቃ ነው። ቤት የምጋራው ከሦስት ሰዎች ጋር ስለሆነ ወጥ ቤቱ ብዙም አይደርሰኝም። ላለፉት ሁለት ዓመታት እራቴ በ1 ዶላር ከ25 ሳንቲም የሚሸጠው፣ በማይክሮዌቭ የሚሞቀው የፍሪዘር ምግብ ነው። አንዱ ስለማያጠግበኝ ሁለት እበላለሁ። በቅርቡ ሐኪም የደም ግፊቴ 138 በ88 መሆኑን ነግሮኝ ጨው እንድቀንስ አዘዘኝ። ጓደኞቼ ደግሞ ‹ይህ ምግብ አይደለም፤ ማይክሮዌቩም ፕላስቲኩም መርዝ ነው› ይሉኛል። እውን ምግብ ነው? ርካሽ ነው ወይስ እየተታለልኩ ነው? ረቡዕና ዓርብስ የትኛውን ልብላ? መሥሪያ ቤት ባለው አሮጌ ማይክሮዌቭ ሳሞቀው ደግሞ ዳር ዳሩ እየፈላ መሀሉ በረዶ ሆኖ ይቀርብኛል።»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ የሚበሉት ምግብ ነው። መርዝ ነው ያሉዎት ጓደኞችዎ ተሳስተዋል። ሐኪምዎ ግን ልክ ናቸው፤ ችግሩም ያለው በመጀመሪያው ካርቶን ላይ ሳይሆን ስላልጠገቡ በሚከፍቱት በሁለተኛው ላይ ነው። ይህን የምለው በምግብ ቴክኖሎጂ ተመርቄ፣ እዚሁ አሜሪካ የፍሪዘር ምግብ በሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ ሰባት ዓመት በጥራት ቁጥጥር ከሠራሁት ተነስቼ ነው። ሐኪም ስላልሆንኩ ስለ ግፊቱ ሕክምና የሚባለውን ለእርሳቸው እተዋለሁ። ሳህኑ ውስጥ ስላለው ነገር ግን ልንገርዎት።

ጥያቄዎን እንዳነበብኩ ከሰፈሬ ሱቅ አንዱን ገዝቼ መጣሁ፤ «ሳልስበሪ ስቴክ» የሚባለውን፣ የተፈጨ ሥጋ ጥፍጥፍ ከመረቅና ከድንች ጋር ያለውን። ካርቶኑ ላይ ባለው ሥዕል ሥጋው ወፍራም ነው፤ ከላዩም ፍም ላይ የተጠበሰ የሚያስመስሉት ጥቁር መስመሮች አሉት። አሙቄ ስከፍተው ከመዳፌ ያነሰ ሆኖ አገኘሁት። ከመረቁ አውጥቼ፣ በወረቀት ጠርጌ ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው 62 ግራም መዘነ። ጠቅላላው ምግብ 227 ግራም ነው። የቀረው መረቅና ከደረቅ የድንች ዱቄት የተበጠበጠ ድንች ነው። መስመሮቹ ከፍም የመጡ አይደሉም፤ እንዲህ ያሉት በፋብሪካ በጋለ ብረት ይተኮሳሉ ወይም በካራሜል ቀለም ይሰመራሉ። ጥፍጥፉን በሹካ ስከፍለው የሥጋ ጭረት አይታይበትም፤ እንደ ቂጣ ነው የሚቆረሰው።

ምክንያቱ ካርቶኑ ጀርባ ላይ ተጽፏል። በአሜሪካ ሕግ የምግቡ ይዘቶች የሚዘረዘሩት በክብደታቸው ቅደም ተከተል ነው፤ የበዛው ይቀድማል። እኔ በያዝኩት ላይ ውኃ አንደኛ ነበር። የሥጋው ዝርዝር ውስጥ ደግሞ ከሥጋው ቀጥሎ የአኩሪ አተር ፕሮቲን አለ፤ ዝቅ ሲሉ የተሻሻለ የምግብ ስታርች፣ ጨው፣ የእርሾ ጭማቂ፣ የካራሜል ቀለም ያገኛሉ። እነዚህ ስሞች ብዙ ሰው ያስደነግጣሉ። እኔን አያስደነግጡኝም። የአኩሪ አተር ፕሮቲን ደህና ፕሮቲን ነው። ስታርቹም ሥራ አለው። በቤት ዱቄት ያጠነከርነውን ሾርባ ፍሪዘር ውስጥ ከተን ስናወጣው ውኃው ለብቻው ተለይቶ ይወጣል፤ ይህ ስታርች ያንን ለመከላከል የገባ ነው። በፊት ከሁሉ ይበልጥ የምፈራው በፋብሪካ የጠጠረውን ዘይት፣ ማለትም ትራንስ ፋት የሚያስከትለውን ነበር፤ እርሱንም የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2015 ወስኖ ከ2018 ጀምሮ ከምግብ ውስጥ አስወጥቶታል።

ታዲያ ምን ጎደለው? የጎደለው ጊዜ ነው።

እናቶቻችን ወጥ ሲሠሩ ሽንኩርቱን በዝግታ እንደሚያቁላሉ ያውቃሉ። ያ ቁሌት ጣፋጭ የሚሆነው፣ ወጡም ገና ጨው ሳይገባበት መዓዛው ቤቱን የሚሞላው፣ ሽንኩርቱ ረጅም ጊዜ ከእሳት ጋር ስለቆየ ነው። ጥብስም እንዲሁ ነው። የሥጋው ፊት ደርቆ ከ140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ፕሮቲኑና ስኳሩ ተዋሕደው ያንን ቡናማ ቀለምና ሽታ በፍጥነት ይሰጡታል። ማይክሮዌቭ ይህን ማድረግ አይችልም። በዋናነት የሚያሞቀው ምግቡ ውስጥ ያለውን ውኃ ስለሆነ፣ ውኃው እስካለ ድረስ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ እምብዛም አያልፍም። በሌላ አነጋገር ይቀቅላል እንጂ አይጠብስም። ርካሽ ምግብ የሚያመርት ፋብሪካም ሽንኩርት ለአንድ ሰዓት የሚያቁላላበት ጊዜ የለውም። ስለዚህ ከእሳትና ከጊዜ ሊመጣ የሚገባውን ጣዕም ከሌላ ቦታ ያመጣል፤ ከጨው፣ ከእርሾ ጭማቂ፣ ከጣዕም ማጎልበቻ። ጨው ከሁሉም ርካሹ ነው። በዚያ ላይ ለጥፍጥፉ ውኃ ይይዝለታል፣ ሥጋውን ያጣብቅለታል፤ በስሎ የቀዘቀዘ ሥጋ እንደገና ሲሞቅ የሚያመጣውንም የሻገተ የሚመስል ጣዕም ይሸፍንለታል። እዚህ ሳህን ውስጥ ጨው አራት ሠራተኛ ተክቶ ይሠራል።

ፋብሪካ ሳለሁ የገጠመኝን ልንገርዎት። አንድ ጊዜ የአንድ ሳህን ወጪ በ2 ሳንቲም እንዲቀንስ ታዘዝን። ዶሮውን በ4 ግራም ቀነስን፤ ሳህኑ ጎድሎ እንዳይታይ መረቁን በዚያው ልክ ጨመርን። መረቁ ሲበዛ ምግቡ ለዛ አጣ፤ ለዛውን ለመመለስ ጨው ተጨመረ። ቀማሾቹ አዲሱንና የድሮውን መለየት ስላልቻሉ ፈቃድ ተሰጠው። 4 ግራም ዶሮ በጣት ጫፍ የምትያዝ ናት። ዳሩ ግን እንዲህ ያለው ውሳኔ አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም የሚወሰነው፤ በየዓመቱ ይመጣል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያው ስምና በዚያው ሥዕል የሚሸጠው ምግብ ሌላ ምግብ ሆኖ ይገኛል። ፊርማዬ በዚያ ወረቀት ላይ ስለነበረ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ይህን ዓይነት እራት በመላው አሜሪካ ያስፋፋው ስዋንሰን የተባለው የኦማሃ፣ ነብራስካ ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በ98 ሳንቲም ይሸጠው የነበረው ሳህን የቱርክ ሥጋ፣ ከበቆሎ ዳቦ የተሠራ ማባያ፣ አተርና ስኳር ድንች ነበረበት፤ የአልሙኒየም ሳህን ስለነበረም በምድጃ ነበር የሚሞቀው። በዚያ ዓመት ብቻ 10 ሚሊዮን ያህል እንደተሸጠ ይነገራል። የዚያ ዘመን 98 ሳንቲም በዛሬ ገንዘብ ሲሰላ ከ11 ዶላር በላይ ነው። የፍሪዘር እራት ሲጀመር የድሃ ምግብ አልነበረም፤ ድካም የሚቀንስ ቅንጦት ነበር። የእርስዎ 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ያን ጊዜ ከ11 ሳንቲም አይበልጥም። ዋጋው ወደ አንድ ዘጠነኛ ሲወርድ ከሳህኑ ውስጥ ብዙ ነገር አብሮ መውጣቱ የግድ ነው። ማይክሮዌቭ በየቤቱ ሲገባም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ የአልሙኒየሙ ሳህን በፕላስቲክ ተተካ።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። በዚህ ዋጋ የሚሸጡት አብዛኞቹ ከ200 እስከ 350 ካሎሪ፣ ከ8 እስከ 14 ግራም ፕሮቲን፣ ከ600 እስከ 1,100 ሚሊግራም ሶዲየም (ጨው ውስጥ ያለው፣ ግፊት የሚጨምረው ንጥረ ነገር) አላቸው። እኔ የገዛሁት 270 ካሎሪ፣ 10 ግራም ፕሮቲንና 900 ሚሊግራም ሶዲየም ነበረው። ለአዋቂ ሰው በቀን እንዳይታለፍ የሚመከረው ሶዲየም 2,300 ሚሊግራም ነው፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ያህል ነው። አንዱ ካርቶን የዚህን 39 በመቶ ይወስዳል። ሁለት ሲበሉ 1,800 ሚሊግራም ይደርሳል፤ ከቀኑ ልክ 78 በመቶው በአንድ መቀመጫ አለቀ ማለት ነው። የበሉት ግን 540 ካሎሪና 20 ግራም ፕሮቲን ብቻ ነው። ሌሊቱን ሙሉ በእግሩ ለሚቆም ሰው ይህ አያጠግብም፤ ሆድዎ እውነቱን ነው የሚነግርዎት።

በፕሮቲን ብናሰላው በ1 ዶላር 8 ግራም እየገዙ ነው። በዚያው ሱቅ ያለ 454 ግራም ደረቅ ምስር ወደ 2 ዶላር ይሸጣል፤ ውስጡ ከ100 ግራም በላይ ፕሮቲን አለ። በ1 ዶላር 50 ግራም መሆኑ ነው። እንቁላል ዋጋው ከፍና ዝቅ ቢልም፣ ደርዘኑ 4 ዶላር በሆነበት ጊዜ እንኳ በ1 ዶላር ወደ 19 ግራም ይሰጣል። ስለዚህ ካርቶኑ ከቤት ምግብ ጋር ሲነጻጸር ውድ ነው። እዚህ ላይ ግን ለፋብሪካውም እውነቱን መመስከር አለብኝ። ከርሱ አጠገብ ያለው ባለ 3 ዶላር ከ50 ሳንቲም ካርቶን በፕሮቲን ሲሰላ የባሰ ውድ ነው፤ 18 ግራም ቢኖረው በ1 ዶላር 5 ግራም ብቻ ይደርስዎታል። ታዲያ ትርፉ ምን ይሆናል ቢሉ፣ ከነዚህ ውስጥ «ለጤና» ተብለው የሚሠሩት ጨዋቸው ቀነስ ያለ ነው፤ አትክልታቸውም ቅርጹን የያዘ ነው። ግፊት ላለበት ሰው ይህ ገንዘብ የሚከፈልበት ነገር ነው። ሥጋ የጨመሩ መስሎዎት ከሆነ ግን አይክፈሉ። ከመንገድ ዳር ፈጣን ምግብ ጋር ካነጻጸርነው ደግሞ ካርቶንዎ በርካሽነቱ ያሸንፋል። እንግዲህ አልተታለሉም። የተሸጠልዎት ምግብ ብቻ አይደለም፤ ሽንኩርት ያልላጡበትና ድስት ያላጠቡበት ጊዜም አብሮ ተሸጦልዎታል። ከሌሊት ፈረቃ ለሚመለስ ሰው ይህ ዋጋ እንዳለው ስለማውቅ፣ «ተወው፣ ቤት አብስል» ብሎ በቀላሉ የሚመክር ሰው ያናድደኛል።

እኔ የምመክርዎ ሁለተኛውን ካርቶን መተው ነው። መረቁ ከምግቡ በላይ ጨዋማ መሆኑን አስተውለው ይሆናል፤ ያ መረቅ ከተሰጠው ሥጋና ድንች ሌላ ብዙ ነገር ማጣፈጥ ይችላል። በሱቁ ፍሪዘር ውስጥ ጨውም መረቅም ያልገባበት የተቆራረጠ አትክልት በከረጢት ይሸጣል፤ ብሮኮሊ፣ ፎሶሊያ፣ አተርና ካሮት። በፍሪዘር ያለ አትክልት አይናቁ። የሚቀዘቅዘው ከተለቀመ ብዙም ሳይቆይ፣ በፈላ ውኃ ለአጭር ጊዜ ተነክሮ ነው። ያን ጊዜ ከቫይታሚን ሲውና ከፎሌቱ (ከቢ ቫይታሚኖች አንዱ ነው) ጥቂት ቢቀንስም፣ የቀረው በፍሪዘር ውስጥ ተጠብቆ ይቆያል፤ መደርደሪያ ላይ ሳምንት ከከረመ «ትኩስ» አትክልት ብዙ ጊዜ አያንስም። የከረጢቱን ግማሽ ያሙቁ፣ ከካርቶኑ ምግብ ጋር ያደባልቁ፣ ከቤት ቀቅለው ያመጡትን አንድ ወይም ሁለት እንቁላል ልጠው ይጨምሩበት። ጨው አይነስንሱ። ሳህኑ ይሞላል፣ ፕሮቲኑ 20 ግራም ያልፋል፣ ከካርቶኑ ጠፍቶ የነበረው አሰርም (ፋይበር) ይመለሳል፤ ሶዲየሙ ግን እዚያው 1,000 ሚሊግራም አካባቢ ይቆማል። ሁለት ካርቶን ከመብላት ጋር ያለው ልዩነት በየሌሊቱ 800 ሚሊግራም ያህል ነው። እንቁላሉን ግን በልጣጩ ማይክሮዌቭ ውስጥ አያስገቡት፤ ይፈነዳል፣ ሰውም አቃጥሎ ያውቃል።

ሲመርጡም በፊት ለፊቱ ሥዕል አይመሩ። ዓይንዎ በቀጥታ ወደ ኋላው ሠንጠረዥ ይሂድ፤ «ሶዲየም» ከሚለው ትይዩ ያለውን መቶኛ ይዩ። 20 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ ከፍተኛ ይባላል፤ በዚህ ዋጋ ከ20 በታች ማግኘት አስቸጋሪ ስለሆነ እርስዎ ከ30 በታች ያለውን ይፈልጉ። በሥጋ ጥፍጥፍና በተጨማመቀ ዶሮ ከሚሠሩት ይልቅ በሩዝና በፓስታ የሚሠሩት አንዳንዶቹ ጨዋቸው ያነሰ ነው፤ ሁሉም እንዲህ ስላልሆነ ማንበቡን አይተዉ። ካርቶኑንም ወዝወዝ ያድርጉት። ውስጡ የበረዶ ቅንጣት ከተንኮሻኮሸ፣ ጥጉም ረጥቦ የደረቀ ምልክት ካለበት፣ አንድ ቦታ ቀልጦ እንደገና የቀዘቀዘ ነው። ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ ምግብ ትልልቅ የበረዶ ስለቶች ይሠራል፤ ስለቶቹ የአትክልቱንና የሥጋውን ሕዋስ ስለሚቀዱ ሲሞቅ ውኃ አውጥቶ ይላሽቃል። እንዲህ ያለውን ትተው ከመደርደሪያው ጀርባ ያለውን ያንሱ።

የጾሙን ጉዳይ በጥንቃቄ ይያዙት፤ ብዙ ምእመናን የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሥጋ የሌለው ሁሉ ጾም አይደለም። ቲማቲም ፓስታው ውስጥ አይብ፣ ሩዙ ውስጥ ቅቤ፣ የአትክልት መረቁ ውስጥ የዶሮ ስብ ሊኖር ይችላል። ወተት በራሱ ስም ላይጻፍ ይችላል፤ «ዌይ» ወይም «ኬዚን» የሚል ካዩ ሁለቱም ከወተት የሚወጡ ናቸው። ደግነቱ ሕጉ ያግዘናል፤ ወተት፣ እንቁላልና ዓሣ አለርጂ የሚያስነሱ ተብለው ስለተመዘገቡ ከዝርዝሩ ሥር «ይዟል» ከሚለው ቃል ቀጥሎ በግልጽ ይጻፋሉ፤ ወይም ዝርዝሩ ውስጥ በቅንፍ ይቀመጣሉ። የሥጋና የዶሮ ስብ ግን በዚያ ሕግ ውስጥ ስለሌለ ሙሉውን ዝርዝር ማንበብ አለብዎት። በባቄላ ቡሪቶ ውስጥ «ላርድ» የሚል ካገኙ የአሳማ ስብ ነው፤ ይህን ሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችንም ልብ ይበሉት። በዚህ ዋጋ ንጹሕ የጾም ካርቶን ማግኘት በጣም ከባድ ነው። ለረቡዕና ለዓርብ ሌላ መፍትሔ አለኝ፤ ከታች እመለስበታለሁ።

ስለ ማይክሮዌቩ የሰሙት አብዛኛው ትክክል አይደለም። ምግቡን ጨረራም አያደርገውም። የሚሞቅበት ጊዜ አጭርና ውኃው ጥቂት ስለሆነ ቫይታሚን ሲን ከመቀቀል ይልቅ ይቆጥባል። ፕላስቲኩም ለዚሁ ሙቀት የተሠራ ነው፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ እንዲያገለግል ነው የተሠራው። እያጠቡ ምሳ መያዣ ማድረጉን ይተዉ። የማርጋሪንና የእርጎ መያዣዎችን ደግሞ ፈጽሞ አያስገቡ። የሚያሳስብዎት ከሆነ ምግቡ ትንሽ ለቀቅ እንዳለ ወደ ሸክላ ሳህን ገልብጠው ያሙቁት፤ ለማማሰልም ይመቻል።

መሀሉ በረዶ መሆኑ ግን ቀልድ አይደለም። በረዶ የማይክሮዌቭን ኃይል የሚቀበለው በጣም ጥቂት ነው፤ ፈሳሽ ውኃ ግን አጥብቆ ይቀበላል። ዳሩ ትንሽ እንደቀለጠ ኃይሉን ሁሉ እርሱ ይጠጣዋል፤ እየሞቀ ሲሄድም ለመሀሉ የሚተርፍ የለም። ለዚህ ነው ዳሩ ሲንተከተክ መሀሉ ድንጋይ የሚሆነው። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ደቂቃ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለ1,100 ዋት ማይክሮዌቭ ነው። የመሥሪያ ቤትዎን ማይክሮዌቭ በር ከፍተው ከውስጥ ወይም ከጀርባው ያለውን ቁጥር ይፈልጉ። 700 ዋት ከሆነ ጊዜውን በግማሽ ያህል ይጨምሩ፤ 4 ደቂቃ የተባለው ወደ 6 ደቂቃ ይሆናል። በመካከል አቁመው ከዳር ወደ መሀል ያማስሉ፤ ሲያልቅም ሳይከፍቱ 2 ደቂቃ ይተዉት፤ ያን ጊዜ የዳሩ ሙቀት ወደ መሀል ይሄዳል። ይህ ለጣዕም ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ በብዙ ግዛቶች በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በፍሪዘር የሥጋ ኬክ ሳቢያ በሳልሞኔላ ታመዋል፤ ከምክንያቶቹ አንዱ የማሞቂያው መመሪያ ለደካማ ማይክሮዌቭ ግልጽ አለመሆኑ ነበር። ምግቡ መሀሉ ላይ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በአሜሪካኖቹ አቆጣጠር 165 ዲግሪ ፋራናይት መድረስ አለበት። ትንሽ የምግብ ቴርሞሜትር ይግዙ፤ ወጪዋ ከጥቂት ካርቶኖች ዋጋ አይበልጥም።

አሁን ወደ ጾሙ መፍትሔ ልመለስ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ፣ ወጥ ቤቱ ባዶ በሚሆንበት ቀን፣ አንድ ትልቅ ድስት ምስር ወጥ ይሥሩ። ሁለት ከረጢት ደረቅ ምስር፣ 900 ግራም ያህል፣ ቢያንስ ለአሥር ጊዜ ይበቃዎታል። ወፈር ያድርጉት፤ ውኃው ያነሰ ወጥ ለፍሪዘር ይስማማል። ቁሌቱን አይቸኩሉበት፤ እዚያ ላይ ያጠፉት ጊዜ በኋላ ጨው ይቀንስልዎታል። ከጨረሱ በኋላ ድስቱን ሙሉውን ፍሪጅ ውስጥ አይክተቱ፤ ጥልቅ ድስት መሀሉ ለብዙ ሰዓት ለብ ብሎ ስለሚቆይ ባክቴሪያ ይራባበታል። ሰፋ ባለ ዝርግ መጥበሻ ገልብጠው ያቀዝቅዙትና በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ፍሪጅ ያስገቡት። ከዚያ በሚዘጋ የፕላስቲክ ከረጢት ሁለት ሁለት ጭልፋ እየከፈሉ፣ በመዳፍዎ ደምድመው እንደ ደብተር ያሳሱት። ፍሪዘሩን ለአራት ስለምትጋሩት ቦታው ሊጠብብዎት ይችላል፤ እንዲህ የሳሳው አሥሩ ተደራርቦ የሁለት ካርቶን ቦታ ብቻ ይይዛል። ስስ ስለሆነ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ በረዶው ደቃቅ ይሆናል፤ ማይክሮዌቭ ውስጥም መሀሉ ድንጋይ አይሆንብዎትም። ከረጢቱን በሙቅ ውኃ ነካ አድርገው ወደ ሸክላ ሳህን ይግፉት። ሽሮም እንዲሁ ይቀመጣል፣ ጎመንም ደህና ነው። ድንች ግን አይግባበት፤ ከፍሪዘር ሲወጣ ይሻክራል። የዶሮ ወጥ እንቁላልም ነጩ እንደ ላስቲክ ስለሚሆን ወጡን ብቻ ያቀዝቅዙ። እንጀራውን በየመካከሉ ፕላስቲክ አድርገው ቢያስቀምጡት፣ ማታ ሲወጡ ያነሱት ለእራት ሰዓት ለስልሶ ይደርሳል።

አንድ ነገር ላስጠነቅቅዎት። የቤት ወጥ ስለሆነ ብቻ ጨው የለውም ማለት አይደለም። ከሱቅ የሚገዛው በርበሬ ብዙ ጊዜ ጨው ገብቶበታል። በርበሬው ጨው የሌለው ከሆነ፣ ለአሥር ሰው በሚሆነው ድስት ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው ቢጨምሩ ለአንዱ ድርሻ 460 ሚሊግራም ያህል ሶዲየም ይደርሳል፤ ከካርቶኑ ግማሽ ማለት ነው። ሳይለኩ በእጅ የሚነሰንሱት ከሆነ ግን ከካርቶኑ ሊበልጥም ይችላል። ጨውን መጨረሻ ላይ፣ በማንኪያ ለክተው ይጨምሩት።

በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ ወጡ ያለቀበት ወይም በጣም የደከሙበት ቀን፣ ካርቶኑን ከአትክልትና ከእንቁላል ጋር ቢበሉት አልቃወምም። ፋርማሲ ውስጥ ባለ የግፊት መለኪያ ላይ ከሥራ ሲወጡ ሳይሆን አርፈው ተቀምጠው፣ በተመሳሳይ ሰዓት ይለኩ፤ ቁጥሩንም ይጻፉት። ከአንድ ወር በኋላ ወደ ሐኪምዎ ሲመለሱ የቁጥሩን ወረቀትና አዘውትረው የሚገዙትን ካርቶን ባዶውን ይዘው ይሂዱ። ጀርባውን ቢያዩት ከየትኛውም ገለጻ በላይ ይረዱዎታል።